ጉዳዩ፦ እኔን ሳይጠብቁ ስለመታከምዎ

ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፣

አባባ፣ እንዴት ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? ቀኝ ጎንዎን አሁንም ምግብ ከቀመሱ በኋላ ይወጋዎታል ወይስ ትንሽ ፋታ ሰጥቶዎታል? እንቅልፍስ ይወስድዎታል? ዓይንዎ ቢጫ መሆኑን የነገረችኝ እትዬ ናት፤ እርስዎማ ቢጠየቁ "ምን እሆናለሁ ብለሽ ነው" ነው መልስዎ። እትዬስ እንዴት ናት? ባሏ፣ ባለ ጋራዡ አማችንስ? ልጃቸው ሚጡስ ጥርሷን ጨርሳ አወጣች ወይስ አሁንም አፏን በእጇ ሸፍና ነው የምትስቀው? እኔ ሰውነቴ ደህና ነው፤ እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ እተኛለሁ። ልቤ ግን ደህና አይደለም፤ ደህና ነኝ ብዬ ብጽፍ እርስዎን ማታለል ነው፣ ከዚህ በፊት ያታለልኩዎ ይበቃል።

ይህን ወረቀት የምታደርስልዎ ከእኔ ጋር የምትሠራ የአገራችን ልጅ ናት፤ ወጥ ቤት ነው ሥራዋ። ማክሰኞ ትሳፈራለች፣ ረቡዕ እጅዎ ላይ ይገባል። ለምን አልደወልሽም እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ስልክ ላይ ድምፅዎን ስሰማ "እመጣለሁ" ከማለት ሌላ ቃል ከአፌ አልወጣ እያለኝ ነው። እንዲያ እያልኩ ሁለት ጊዜ የሐኪም ቀጠሮ አስለወጥኩዎት። ስለዚህ እርስዎ በሚያምኑበት መንገድ፣ በወረቀት መጣሁ። ነገሩ ይኸውልዎ፤ ኅዳር ፲፰ ሐሙስ ለቀዶ ጥገናው ሲጠሩ እኔ አልደርስም። "ልጄ አጠገቤ ሳትቆም ቢላዋ አይነካኝም" ብለው ለሐኪሙ መናገርዎን ሰምቻለሁ። ያንን ቃልዎን እንዲያነሱልኝ ነው የምለምንዎ። እንዲሁ በደረቁ ያንሱልኝ ብል እንደማይሰሙኝ ስለማውቅ ከሥሩ ጀምሬ ላስረዳዎ፤ ትንሽ ይታገሱኝ።

አባባ፣ ወደዚህ ስመጣ ከሻንጣዬ ይልቅ የተማመንኩት በእንግሊዝኛዬ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ከማመልከቻ መጻፊያ ጠረጴዛዎ ጎን አስቀምጠው፣ ባለጉዳይ ሲጠፋ ሽፋኑ ከወለቀው የደብዳቤ መጽሐፍ ያስጠኑኝ የነበረውን እንግሊዝኛ ማለቴ ነው። "በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ"፣ "ጉዳዬን በቀና ልብ እንዲመለከቱልኝ"፤ ይህን ሁሉ በእንግሊዝኛ አንበለብለው ነበር። እዚህ ያንን ስናገር ሰው ወይ ይስቃል ወይ ይደነግጣል። በመጀመሪያው ሳምንት የተደፈነ ቧንቧ ሊከፍት የመጣውን ሰውዬ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ "ሰር" ብዬ ባናግረው፣ ማን መጣብኝ ብሎ ወደ ኋላው ዞረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሠራተኛው ሁሉ "ልዕልት" ይለኛል። ባልዲና መወልወያ ይዤ ሳልፍ "ልዕልት፣ እዚህ ጋ ውሃ ፈሷል" ይሉኛል።

ቋንቋቸው አንተን ከእርስዎ እንደማይለይ ነግረውኝ ነበር። ያልነገሩኝ በዚያ ቋንቋ ሲኖሩበት ምን እንደሚመስል ነው። መጀመሪያማ ደስ አለኝ። የምሠራበት ቤት የአረጋውያን ማረፊያ መሆኑን ያውቃሉ፤ አርባ አልጋ አለው። ዘጠና ዓመት የሞላቸውን አዛውንት የሃያ ዓመት ልጅ በስማቸው ጠርታ ትከሻቸውን መታ መታ ስታደርጋቸው አየሁ። ኃላፊዋ ከጽዳት ሠራተኛዋ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ እግሯን ሰቅላ ሻይ ስትጠጣ አየሁ። እርስዎ አንድ ተራ ጸሐፊ ፊት ለመቅረብ ኮፍያዎን አውልቀው፣ ኮትዎን ቆልፈው፣ ግማሽ ቀን በር ላይ ሲቆሙ ትዝ አለኝና "ይህን አባቴ ባየ" አልኩ። ሰው ሁሉ እኩል የሆነበት ቤት የገባሁ መስሎኝ ነበር።

ኃላፊዋን በመጀመሪያው ቀን "ማዳም" ብላት ቆጣ እንደ ማለት ብላ "በፍጹም፣ በስሜ ጥሪኝ፤ እኛ እዚህ ቤተሰብ ነን" አለችኝ። እኔና የወጥ ቤቷ ልጅ በአማርኛ ስናማት "በስሜ ጥሪኝ" ነው የምንላት፤ እንግዲህ እርስዎም በዚሁ ይወቋት። ክፉ ሴት እንዳትመስልዎ። ስትስቅ ከልቧ ነው፤ ሲከፋኝ ሳልነግራት ታውቃለች፤ ስታናግረኝ እጄን ይዛ ነው። "የኔ ማር" ትለኛለች። እርግጥ ጓሮ የምትመጣውን ድመትም እንዲሁ ነው የምትላት።

የዚህች ሴት ጣጣዋ አለማዘዟ ነው። ብታዝማ ምን ነበረበት። አለቃ ሲያዝ ሰው ወይ እሺ ይላል፣ ወይ "ዛሬ ተራዬ አይደለም" ብሎ ይሟገታል። በስሜ ጥሪኝ ግን በእረፍት ቀኔ ክፍሌ ድረስ ትመጣለች። ክፍሌ ከልብስ ማጠቢያው በላይ ያለችው ጠባብ ክፍል ናት፤ ማሽኑ ሲዞር አልጋዬ ይንቀጠቀጣል፣ መስኮቴ የሚያሳየኝም መኪና ማቆሚያውን ብቻ ነው። አንኳኩታ መልስ ሳትጠብቅ ትገባና አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ትላለች። "እንደማይመችሽ አውቃለሁ፣ እምቢ ብትይኝም አልቀየምም፣ ግን እስቲ መልአክ ሁኚልኝና ቅዳሜን ግቢልኝ" ትለኛለች። እንዲህ የተለማመጠችኝን ሰው በምን አፌ እምቢ ልበላት? በዚህ ዓመት መልአክ ሆኜ የሠራኋቸው ቅዳሜዎች ብዛት ጠፍቶብኛል። ወገቤ ሲቆረጥ እንኳ የምወቅሰው አጣሁ፤ ማንም አላዘዘኝማ።

ሰኔ ላይ እትዬ ደውላ፣ ሐሞትዎ ውስጥ ጠጠር መገኘቱንና በቀዶ ጥገና መውጣት እንዳለበት፣ እርስዎም እኔን ካላዩ አልገባም ማለትዎን የነገረችኝ ዕለት፣ ኮሪደር ላይ የታጠበ አንሶላ ታቅፌ ሳለቅስ በስሜ ጥሪኝ ደረሰችብኝ። ከነአንሶላው አቀፈችኝ። "ኦፍ ኮርስ ትሄጃለሽ የኔ ማር፤ አባትሽ እኮ ነው፤ እንደ ምንም እናስተካክለዋለን" አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። እኔም ሳልውል ሳላድር ደውዬ "ፈቀዱልኝ" አልኩዎት። እርስዎም ለሐኪሙ ነግረው ለነሐሴ ተያዘልዎ።

ነሐሴ ሲደርስ "ውይ፣ በዚህ ወር ነበር እንዴ? ሁለት ሠራተኛ ታሞብኛል፤ ትንሽ ብቻ ወደፊት እንግፋው፣ ይሻላል አይደል?" አለችኝ። እኔም እሺ አልኩ። መስከረም መጨረሻ ላይም እንዲሁ ሆነ። አባባ፣ ልብ ይበሉልኝ፣ አንድም ቀን አልከለከለችኝም። ፈቀዱልኝ ስልዎ አልዋሸሁም፤ ግን የተፈቀደልኝም ነገር አልነበረም። ያ "ኦፍ ኮርስ" አንጀቷ ተላውሶ የተናገረችው የማጽናኛ ቃል ነበር፤ ቀን የለው፣ ቁጥር የለው፣ የጻፈው የለ። እኔ ግን እርስዎን የሚያህል ሰው በዚያ ቃል ላይ አስተኛሁ።

"ታዲያ ጥለሽው አትመጪም ወይ" ይሉኝ ይሆናል። የመኖሪያ ፈቃዴ የታሰረው በዚህ ቤት ሥራ ነው። ሳይፈቀድልኝ ብወጣ ከሥራ እሰናበታለሁ፣ ከሥራ ስሰናበት ፈቃዱም አብሮ ይቋረጣል፣ ከዚያ ወዲያ ተመልሼ አልገባም። የቀረኝ ዘጠኝ ወር ነው። ዘጠኝ ወሩ ካለቀ ፈቃዱ በራሴ ስም ይሆንና ማንንም ሳልለምን እመጣለሁ፣ እሄዳለሁ። ለዚህ ብዬ ነው አምስት ዓመት ሙሉ ፊትዎን ሳላይ የኖርኩት። አንዳንድ ቀን በመስኮቴ መኪና ማቆሚያውን እያየሁ፣ እነዚህ ሰዎች ሥራቸውን ጨርሰው ቁልፋቸውን እያንቃጨሉ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ፣ እኔ ግን ሥራዬንም ቤቴንም አንድ በር ዘግቶብኛል እላለሁ።

ሦስተኛው ቀጠሮ ሲያዝልዎ "አሁንስ እንደ ደንቡ ልሂድ" ብዬ ጥቅምት ላይ እርስዎ እንዳስተማሩኝ ማመልከቻ ጻፍኩ። ቀኑን ራስጌው ላይ፣ ከሥሩ ማዕረጓንና ሙሉ ስሟን፣ መሐል ላይ "ጉዳዩ" ብዬ አሰመርኩበት። የሦስት ሳምንት ፈቃድ በታላቅ አክብሮት ጠየቅኩ። ሁለት ጊዜ በቃል ተፈቅዶልኝ በሥራ ብዛት ምክንያት መተላለፉንም አስረዳሁ። ፊርማዬን አኑሬ ግርጌው ላይ ግልባጭ አደረግኩ፤ አንዱን ለዋናው መሥሪያ ቤት፣ አንዱን ለሠራተኛ አስተዳደር። ግልባጭ የሌለው ማመልከቻ ከእርስዎ ጠረጴዛ ተነሥቶ አያውቅም፤ እኔም የበላዮቹ ሳያውቁት ቢቀር ነውር መስሎኝ ነው። ግልባጮቹን ፖስታ ቤት አስገባሁ። ዋናውን ደግሞ ደህናውን ቀሚሴን ለብሼ፣ በሁለት እጄ ይዤ፣ ቢሮዋ ድረስ ሄጄ እጅ ነሥቼ ሰጠኋት።

ቆማ ነበር የምታነበው። አንገቷ ከሥር ወደ ላይ እየቀላ ሲሄድ አየሁ። ግርጌው ላይ ስትደርስ ተቀመጠች። "ምን በደልኩሽ?" አለችኝ። ቀጥላም "መጥተሽ ብትነግሪኝ ምን ነበር?" አለች። አራት ወር ሙሉ መጥቼ ስነግራት ነው የከረምኩት። እኔ ያከበርኳት መስሎኝ ነበር፤ እሷ የገባት መከሰሷ ነው። ለካ እዚህ አብረው የሚውሉ ሰዎች ማዕረግ ጠርተው፣ ጉዳዩ ብለው፣ ለበላይ ግልባጭ አድርገው የሚጻጻፉት ጠበቃ ሊያቆሙ ሲሉ ነው። እኛ ዘንድ ለቅርብ ሰው ከፍ ያለ ቃል ብናወጣ ማክበር ነው፤ እነሱ ዘንድ ግን ከፍ ያለ ቃል የሚወጣው ሰው ሲራራቅ ነው። ይህን ያልተማርኩት በእርስዎ ጥፋት አይደለም፤ መጽሐፉ ላይ አልነበረም።

ከማግስቱ ጀምሮ ቤቱ ተለወጠብኝ። ሻይ ላይ ስደርስ ወሬው ይቆማል። በስሜ ጥሪኝ "የኔ ማር" ማለቷን ትታ "ሚስ" ብላ የእርስዎን ስም ትጠራ ጀመር። አዎ አባባ፣ እነዚህ ሰዎች ሰውን ሲያከብሩም ሲሸሹም የሚጠሩት በአባቱ ስም ነው። ከአንዲት አሮጊት በቀር አምስት ዓመት ማንም ያልጠራው ስምዎ በዚያ ሳምንት በየቢሮው በር ላይ ተጠራ። ልዘን ወይስ ልኩራ ግራ ገባኝ። ከዋናው መሥሪያ ቤት አንድ ፋይል የያዘ ሰውዬ መጥቶ በር ተዘግቶ ጠየቀኝ። "አቤቱታ ነው ያቀረብሽው?" አለኝ። "አይ፣ ፈቃድ ነው የጠየቅኩት፤ ግልባጩ ለአክብሮት ነው" አልኩት። ጻፈው። "እንዲህ አድርጊ ብሎ የመከረሽ ማነው?" ሲለኝ "አባቴ" አልኩ። እሱንም ጻፈው። ብቻ ምን አለፋዎ፣ ሳያውቁት የዚህ ቤት ማህደር ውስጥ ገብተዋል።

ያለፈው ሰኞ መልሱ በፖስታ መጣልኝ። ያስቡት፣ ቢሮዋ ከክፍሌ ሠላሳ እርምጃ አይሞላም፤ ቴምብር ተለጥፎበት ነው የመጣው። ያንን ወረቀት ይዤ የሄድኩት ወደዚያች ወደ ነገርኩዎ አሮጊት ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያሉ የዘጠና አንድ ዓመት ሴት ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ርዕሰ መምህርት ነበሩ። ሠራተኞቹ "ቆንጅዬ፣ ሾርባችንን ጨረስን?" ሲሏቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። "ዘጠኝ መቶ ልጅ ሳስተዳድር የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ማንም ቆንጅዬ እንዲለኝ አልፈቀድኩም" ብለውኛል አንድ ቀን። "የኔ ማር" የሚለው ቃል እኔን ብቻ የሚያስር መስሎኝ ነበር፤ እሳቸውንም እንደ ሕፃን አልጋ ላይ አስሯቸዋል። እኔ "ሚስስ" ብዬ በባላቸው ስም ስጠራቸው ቀና ይላሉ፤ እሳቸውም በእርስዎ ስም ይጠሩኛል። ንግግራቸውን ወደ አማርኛ ሳመጣው "አንቺ" አሉኝ ልበል "እርስዎ" አሉኝ አላውቅም፤ እንደ ልጅ ስለሚያዩኝ አንቺ አድርጌዋለሁ።

ደብዳቤው "ውድ" ብሎ ይጀምራል፤ "ታማኝሽ" ብሎ ይጨርሳል። መሐሉ ላይ ግን ሰው የለበትም። ማመልከቻሽ ደርሷል፣ ሁኔታው ከግምት ገብቷል፣ በሠላሳ የሥራ ቀናት ውስጥ ውሳኔ ይሰጥበታል፣ እስከዚያው ከሥራ ገበታ መለየት አይፈቀድም ይላል። ማን እንደገመተ፣ ማን እንደሚወስን፣ ማን እንዳልፈቀደ የለም። ርዕሰ መምህርቷ በማጉያ መነጽራቸው ሁለት ጊዜ አነበቡትና አንድ ነጠላ ሰረዝ ያለቦታው ገብቷል ብለው መጀመሪያ በእሱ ተናደዱ። ከዚያ "ይህ ለአንቺ አልተጻፈም፤ ዳኛ ያነበው ይሆናል ተብሎ ነው የተጻፈው። አልተቆጡም፣ ፈርተውሻል" አሉኝ። "እስከ ዛሬ የነገሩሽ ደግ ደግ ቃል ሁሉ የትም አልተመዘገበም፤ ቢክዱትም ማስረጃ የለሽም። ይህ ደረቅ ወረቀት ግን መልስ ሳይሰጡሽ እንዳይቀሩ አስሯቸዋል። በእኛ ቋንቋ ሲሞቅ ደስ ይላል፣ ሲቀዘቅዝ ግን ይጸናል" አሉ።

ሠላሳ የሥራ ቀን ማለት ስድስት ሳምንት ነው። ለኅዳር ፲፰ እንደማይደርስልኝ ስነግራቸው "አባትሽ ስንት ዓመታቸው ነው?" አሉኝ። ሰባ አራት ስላቸው "ገና ልጅ ናቸው" አሉ። አልሳቁም ደግሞ። "እኔ ዳሌዬ ሲሰበር ልጄ ባሕር ማዶ ነበር። እስኪመጣ ብጠብቅ ኖሮ ዛሬም ወለሉ ላይ ነበርኩ። ይግቡ በያቸው" አሉኝ።

አርብ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በስሜ ጥሪኝ ክፍሌ መጣች። ይህን ጊዜ አንኳኩታ እስክከፍትላት በር ላይ ቆመች። ገብታ እዚያው የተለመደው ቦታዋ ላይ ተቀመጠችና በስሜ ጠራችኝ። ዋናው መሥሪያ ቤት ሁለት ጊዜ በቃል ፈቅደሽ ለምን ከለከልሽ ብሎ እየጠየቃት እንደሆነ፣ እሷም ሥራዋን እንደምታጣ እየፈራች እንቅልፍ እንደሌላት ነገረችኝ። አለቀሰች። ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አወጣች፤ ሁለት መስመር ነው። ጉዳዩ በመግባባት አልቋል፣ ማመልከቻዬን አንሥቻለሁ ይላል። "ፈርሚልኝና እኔና አንቺ እንደ ድሮው በመሐላችን እንጨርሰዋለን። ብርዱ ሲያልፍ ትሄጃለሽ፣ ቃሌ ነው" አለችኝ። እጄን ያዘች።

አባባ፣ እውነቱን ልንገርዎ፣ እስክሪብቶውን ተቀብያታለሁ። አንጀቴን በላችው። አምስት ዓመት ስታመም መድኃኒት ያመጣችልኝ እሷ ናት። ደግሞም ብፈርም ነገ ጠዋት ሁሉም ይመለሳል፤ ሻይ ላይ እንደገና ይጠሩኛል፣ ልዕልት ይሉኛል፣ ይህ ቅዝቃዜ ይለቀኛል። ብርዱ መቼ እንደሚያልፍ ግን ስጠይቃት "አንቺ ደግሞ፣ እናየዋለን እኮ" አለችኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። ብፈርም የሚጠብቀኝ "እናየዋለን" ነው፤ ባልፈርም የሚጠብቀኝ ስድስት ሳምንት ነው። በሁለቱም እርስዎ ጋ በሰዓቱ አልደርስም። አንደኛው ግን ማለቂያ ቀን አለው። እስክሪብቶውን መልሼ ሰጠኋት። በእንግሊዝኛ ልናገር የፈለግኩትን ያህል ቃል አላገኘሁም፤ "አዝናለሁ፣ አልፈርምም" ብቻ አልኩ። ስትወጣ በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ አላናገረችኝም፤ ገና ስድስት ሳምንት ከእሷ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ነኝ፣ መውጫም የለኝ።

አሁን እንግዲህ ወደ ልመናዬ። ልመናም አልለውም። ዕድሜዬን ሙሉ እርስዎን "ቢሆንልኝ"፣ "ቢፈቅዱልኝ" ሳልል ጠይቄዎ አላውቅም። ዛሬ ግን ቁርጡን ነው የምነግርዎ፤ ሐሙስ ይግቡ። ዓይን ቢጫ ሲሆን ጠጠሩ ቱቦውን ሊዘጋ ይችላል፣ ከዚያ ወዲያ መመረዝ ነው ብሎ ሐኪሙ ለእትዬ ነግሯታል። ይህ የሆነው እኔን ሲጠብቁ ነው። ነሐሴ ላይ ብቻዎን ገብተው ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬ ድነው ጠረጴዛዎ ላይ ነበሩ። የሚፈሩትንም አውቃለሁ፤ ቢላዋውን አይደለም፣ ሳያዩኝ መቅረትን ነው። እኔም እሱን ነው የምፈራው። ከገቡ በኋላ ባይወጡ እኔ እዚህ አንሶላ እያጠፍኩ እንደምሰማው አስቤዋለሁ፤ አንድ ጊዜ አይደለም ያሰብኩት። ቢሆንም ይግቡ። ቆመው ይጠብቁኝ እንጂ ተኝተው አይጠብቁኝ። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ መልሱ ሲሰጠኝ እሺም ቢሉኝ እምቢም ቢሉኝ፣ እርስዎ ሰሙኝም አልሰሙኝም ሳልል በዚያው ቀን የተባልኩትን ቃል በቃል እጽፍልዎታለሁ። "ፈቀዱልኝ" የምልዎ ከእንግዲህ ወረቀቱን በእጄ ስይዝ ብቻ ነው።

ማኅተም ቀራጩን ጎረቤትዎን ሰላም ይበሉልኝ፤ እስኪያገግሙ ጠረጴዛዎን ከዝናብ ያስገባልዎ። ባለ ጋራዡ አማቼን እንዴት ነህ ይበሉልኝ፤ ሐሙስ ጠዋት መኪና እንዳይበላሽበት፣ የሰው መኪና ሲጠግን የራሱን ረስቶ እንዳይቀር። ሚጡን ሁለቱንም ጉንጮቿን ይሳሙልኝ፤ አያቷ ሆስፒታል የሚገቡት ለመዳን መሆኑን ይንገሩልኝ፣ እንዳታለቅስ። እትዬን አንገቷን አቅፈው ይሳሙልኝ፤ ለእኔ ሊቀመጥ የነበረውን የቤተሰብ ፊርማ እሷ ትፈርም፣ እኔን ሆና። ከቀዶ ጥገናው ወጥተው ሲነቁ ስልኩን ጆሮዎ ላይ ታድርግልኝ፤ መናገር ቢያቅትዎም ትንፋሽዎን ልስማው። ያን ሰዓት እኔ ሥራ ላይ ነኝ፤ በሥራ ሰዓት ስልክ መያዝ ክልክል መሆኑ ተጽፎ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። አነሣዋለሁ።

የሚወድዎና የሚያከብርዎ ልብ ያላት፣
ትንሿ ልጅዎ

ከልብስ ማጠቢያው በላይ ካለችው ክፍሌ፣
እሑድ ኅዳር ፯ ቀን